ፓርቲው እጁን ሲያነሳ፦ ስለ «የማይበገረው ቀይ ጦር» የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን «የማይበገረው ቀይ ጦር» የሚል ረዘም ያለ ጽሑፍ ከሦስት ሰዎች ደረሰኝ። አንደኛው አጎቴ ነው። በደርግ ጊዜ ኪየቭ የተማረ ሰው ነው። እስከ ዛሬ ሻይ የሚጠጣው ስኳሩን በጥርሱ ነክሶ ነው። «አንብበውና የምትለውን በለኝ» ይላል መልእክቱ። አነበብኩት። ሁለት ጊዜ። የምለው ስለበዛ በስልክ ከምነግረው ልጻፈው አልኩ።

ጽሑፉን ላላነበባችሁ ባጭሩ እንዲህ ይላል። ቀይ ጦር ከወዛደሩ ማህፀን የወጣ፣ ከፓርቲው ጋር አንድ አካል አንድ አምሳል የሆነ ጦር ነው። ስታሊን በ1939 ከሂትለር ጋር የተፈራረመው ፋታ ለማግኘት ነው። ጦርነቱን ያሸነፈው የስታሊን አመራር ነው፤ የአሜሪካ እርዳታ «የቆርቆሮ ሥጋ» ነበር። ሶቭየት ኅብረት ሳትጠራ የማንንም ደጃፍ ረግጣ አታውቅም። ለኢትዮጵያም ያለ አንዳች ጥቅም የደረሰች ብቸኛ ወዳጅ ናት። በመጨረሻ ሲአይኤና ጎርባቾቭ ተመሳጥረው አፈረሷት።

ዓመቶቹንና ወሮቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ጸሐፊውም እንደዚያው ስላደረጉ።

ከመጀመሬ በፊት በአንድ ጉዳይ ከጸሐፊው ጋር ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። የሂትለርን ጦር ወገብ የሰበረው ቀይ ጦር ነው። በዚያ ጦርነት ከሞቱት የጀርመን ወታደሮች አብዛኞቹ የወደቁት በምሥራቁ ግንባር ነው። ኖርማንዲን ብቻ በፊልም እያየ ላደገ ሰው ይህን መንገር ተገቢ ነው። የምንለያየው ከዚያ በኋላ ነው። እሳቸው ድሉን ጠቅልለው ለፓርቲው ያስረክቡታል። እኔ እንደሚገባኝ ግን ፓርቲው ከማንም በላይ የሚፈራው የገዛ ጦሩን ነበር። ጦሩ በደንብ የተዋጋውም ፓርቲው እጁን ሰብሰብ ባደረገ ጊዜ ነው።

ከአመሠራረቱ እንነሳ። በ1918 መጀመሪያ ላይ ሐሳቡ በእርግጥ እሳቸው እንደሚሉት ነበር። በጎ ፈቃደኞች፣ በምርጫ የሚሾሙ አዛዦች፣ ማዕረግ የማያውቅ ጦር። ወራት አልቆየም። በማርች የጦር ኮሚሳር የሆነው ትሮትስኪ በዚህ አያያዝ እንደማይዘለቅ ቶሎ ገባው። ምርጫውን አስቀረ። ግዳጅ ውትድርና አመጣ። የዛሩን መኮንኖች በአሥር ሺዎች ሰብስቦ መልሶ አዛዥ አደረጋቸው። ብዙዎቹ ወደው አልመጡም። ከድተው ቢሄዱ ተጠያቂ እንዲሆኑ የቤተሰቦቻቸው ስም ተመዝግቦ ነበር። እነዚህን ሰዎች ማን ያምናል? ስለዚህ በአዛዡ ጎን የፓርቲ ኮሚሳር ተቀመጠ። ትእዛዙ ያለ ኮሚሳሩ ፊርማ አይሠራም። የወዛደሩ ማህፀን የሚባለው ይኸው ነው፦ የዛር መኮንን፣ የገበሬ ወታደር፣ መሀላቸው የፓርቲ ጠባቂ።

ይህ ነገር ለኛ አገር ሰው እንግዳ አይደለም። በደርግ ጊዜ በጦሩ ያገለገለ ሰው በአጠገባችሁ ካለ ጠይቁት። አዛዡ፣ የፖለቲካ ኮሚሳሩና የደኅንነቱ ሰው ጎን ለጎን ተቀምጠው የሚያዙበትን አሠራር ይነግራችኋል። አዛዡ «ትንሽ ወደ ኋላ ብለን እንደራጅ» ይላል። ሌላኛው «ይሄ የተሸናፊ አስተሳሰብ ነው» ይላል። እነሱ እስኪግባቡ ጠላት ኮረብታውን ይዞታል። አሠራሩ ከየት እንደተቀዳ ግልጽ ነው።

1937ን ጸሐፊው ጭራሽ ዘለውታል። ስለ ቀይ ጦር ጽፎ 1937ን መዝለል ስለ ዓድዋ ጽፎ ምኒልክን እንደ መርሳት ነው። ማርሻል ቱኻቼቭስኪ ታንኩን፣ አውሮፕላኑን፣ መድፉንና እግረኛውን አቀናጅቶ የጠላትን መስመር መብሳት፣ ከዚያም ጠልቆ መግባት የሚለውን ሐሳብ ካዳበሩት አንዱ ነበር። በጁን 1937 በአንድ ቀን ችሎት ተፈርዶበት ወዲያው ተረሸነ። «አምኛለሁ» ብሎ በፈረመበት ወረቀት ላይ የደም ነጠብጣብ ተገኝቷል። በጊዜው ከነበሩት አምስት ማርሻሎች ሦስቱ አለቁ። የተረፉት ቮሮሺሎቭና ቡድዮኒ የስታሊን የድሮ ወዳጆች ነበሩ። ቡድዮኒ ደግሞ በፈረስ ፍቅር የሚታወቅ ፈረሰኛ ነው። ከነሱ በታች በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ መኮንኖች ተባረሩ፣ ታሰሩ፣ ተገደሉ። የጦሩን አእምሮ የቆረጠው ጀርመን አልነበረም።

ውጤቱ ለመታየት ሦስት ዓመት አልፈጀም። በኖቬምበር 1939 መጨረሻ ሶቭየት ኅብረት ፊንላንድን ወረረች። የፊንላንድ ሕዝብ አራት ሚሊዮን እንኳ አይሞላም ነበር። ጦርነቱ ሦስት ወር ተኩል ፈጀ። ከ120,000 በላይ የሶቭየት ወታደር በበረዶ ውስጥ ቀረ። ፊንላንድ መሬት ለቀቀች እንጂ አልተዋጠችም። በዚህ ወረራ ምክንያት ሶቭየት ኅብረት ከዓለም መንግሥታት ማኅበር ተባረረች። እንግዲህ «የማይበገረው» ጦር ይህ ነው።

ስታሊን ግን ሞኝ አልነበረም። ደነገጠ። ቮሮሺሎቭን ከመከላከያ ኃላፊነቱ አንስቶ ቲሞሼንኮን ተካ። ከእስር ቤትም መኮንኖችን ማውጣት ጀመረ። ከወጡት አንዱ ሮኮሶቭስኪ ነው። በ1937 ታስሮ በድብደባ ጥርሶቹ ረግፈዋል። በ1940 ተፈታ፣ የብረት ጥርስ ተተከለለት፣ ጦር ተሰጠው። ይህ ሰው ነው በኋላ በስታሊንግራድ የተከበበውን የጀርመን ጦር የጨረሰው። በ1944 ቤሎሩስ ላይ የጀርመንን የመሀል ግንባር ከሰበሩት አንዱም እሱ ነው። በጁን 1945 በቀይ አደባባይ የድሉን ሰልፍ የመራውም እሱ ነው። ጸሐፊው ስለ ሰልፉ አንድ ሙሉ አንቀጽ ጽፈዋል። ሰልፉን የመራው ሰው ጥርስ የት እንደቀረ ግን የለበትም።

አሁን ወደ ውሉ። «ስታሊን ጦርነቱ እንደማይቀር አውቆ ፋታ ፈለገ» ይላሉ። ኦገስት 23 ቀን 1939 የሁለቱ አገሮች የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮች ሞሎቶቭና ሪበንትሮፕ የፈረሙት ውል ምስጢራዊ ክፍል ነበረው። ሁለቱ ምሥራቅ አውሮፓን እንደ ቅርጫ ሥጋ ተካፈሉት። ሂትለር ሴፕቴምበር 1 ከምዕራብ፣ ስታሊን ሴፕቴምበር 17 ከምሥራቅ ፖላንድ ገቡ። በቀጣዩ ዓመት ወደ 22,000 የሚጠጉ የፖላንድ መኮንኖችና ምሁራን ካቲን ጫካ ውስጥና ሌሎች ቦታዎች ተረሸኑ። ሞስኮ «ጀርመኖች ናቸው» ስትል ቆይታ ያመነችው በ1990 ነው። ለፋታ ነው ከተባለ ይህ ሁሉ ለምን አስፈለገ?

ፋታውንስ ማን በላው? ሂትለር ጀርባው ሰላም ሆኖለት ፈረንሳይን በስድስት ሳምንት ጣላት። የሶቭየት እህልና ነዳጅ በባቡር ይጎርፍለት ነበር። ጀርመኖች ሊወርሩ ባሉበት ሌሊት እንኳ ጭነት የያዘ የሶቭየት ባቡር ድንበር ተሻግሮ ወደነሱ ሄዷል። በእነዚያ ሁለት ዓመታት ቀይ ጦር በቁጥር ከእጥፍ በላይ ማደጉን አልክድም። ድንበሩም ወደ ምዕራብ ተገፍቷል። ግን የድሮው ምሽግ ትጥቁ ሲፈታ አዲሱ ገና አላለቀም ነበር። ጦሩ በሁለቱ መሀል ሜዳ ላይ ቀረ።

«አውቆ ነበር» የሚለው ደግሞ ይባስ። እንዲያውቅ ያልነገረው ሰው የለም። የሶቭየት ሰላይ የነበረው ሶርጌ ከቶኪዮ ነግሮታል። ቸርችል ነግሮታል። ወረራው አምስት ቀን ሲቀረው ከበርሊን የመጣ የስለላ ሪፖርት ጠረጴዛው ላይ ደረሰ። ስታሊን ሪፖርቱ ላይ በእጁ የእናት ስድብ ጽፎ መለሰው። እዚህ መድገሙ ያሳፍራል። ጁን 22 ቀን 1941 ሦስት ሚሊዮን የሚያህል የጀርመን ጦር ድንበሩን ጣሰ። በመጀመሪያው ቀን ብቻ ወደ 1,200 የሚጠጉ የሶቭየት አውሮፕላኖች ወደሙ፤ አብዛኞቹ መሬት ላይ እንደቆሙ። ለሕዝቡ በሬዲዮ የተናገረው ሞሎቶቭ ነው። ስታሊን ራሱ የተናገረው ከ11 ቀን በኋላ ነው። «ጓዶች» ብሎ ጀምሮ «ወንድሞችና እኅቶች» አለ። ችግር ሲመጣ ሰውዬው ዘመድ ማስታወስ ጀመረ።

ድሉን «የስታሊን አመራር» ያመጣው ነው የሚለው ነገር ላይ ትንሽ መቆየት አለብኝ። እዚህ ጋ ሁለት ስታሊኖች አሉ። አንደኛው የ1941ና የ1942 መጀመሪያው ነው። ዡኮቭ «ኪየቭን እንልቀቅ፣ ጦሩ ይከበባል» ሲለው አልሰማም። ዡኮቭ ከኤታማዦር ሹምነቱ ተነሳ። በሴፕቴምበር ጦሩ ተከበበ። ጀርመኖች ከ600,000 በላይ ሰው ማረክን አሉ። በታሪክ እንዲህ ያለ ከበባ ታይቶ አያውቅም። በ1942 ሜይ ደግሞ ካርኮቭ ላይ ያው ስህተት ተደገመ። በኦገስት 1941 የወጣው ትእዛዝ ቁጥር 270 እጁን የሰጠን አዛዥ ከሃዲ አድርጎ ቤተሰቡን ለእስር ዳረገ። በጁላይ 1942 የወጣው ቁጥር 227 ደግሞ «አንዲት እርምጃ ወደ ኋላ የለም» ብሎ ከጦሩ ጀርባ ሸሺዎችን የሚገታ ጦር አቆመ። ቀደም ሲል ተሽረው የነበሩት ኮሚሳሮችም ተመልሰው ነበር። ፓርቲው ልክ እንደ 1918 በአዛዡ ትከሻ ላይ ተቀምጧል።

ሁለተኛው ስታሊን በ1942 መጸው ብቅ ይላል። ደክሞታል። ወይም ፈርቷል። ወይም ገብቶታል፤ ምርጫው የእናንተ ነው። በኦክቶበር የኮሚሳሮቹ ሥልጣን ተሻረ፤ አዛዡ ብቻውን ማዘዝ ጀመረ። ዡኮቭና ቫሲሌቭስኪ ስታሊንግራድ ላይ የሚደረገውን የመልሶ ማጥቃት ዕቅድ አምጥተው ጊዜ ሲጠይቁ ጊዜ ሰጣቸው። ኖቬምበር 19 ተጀመረ። በአራት ቀን ውስጥ የጀርመኑ ስድስተኛ ጦር ተከበበ። ጃንዋሪ 31 ቀን 1943 የጦሩ አዛዥ ጳውሉስ ከነጄኔራሎቹ እጁን ሰጠ። 91,000 ያህል የተራበና ብርድ የበላው ምርኮኛ ከፍርስራሹ ወጣ። በዚያው ሰሞን በአብዮቱ ጊዜ ከመኮንኖች ትከሻ ላይ እየተገነጠለ የተጣለው የማዕረግ ምልክት ወደ ቀይ ጦር ተመለሰ። የዛር ጄኔራሎች የነበሩት ሱቮሮቭና ኩቱዞቭ የኒሻን ስም ሆኑ። በሴፕቴምበር 1943 ስታሊን ጳጳሳቱን ክሬምሊን ጠርቶ ፓትርያርክ እንዲመርጡ ፈቀደ። ሃያ ዓመት ሙሉ ሲያሳድዳት የኖረችውን ቤተ ክርስቲያን! በዚህ ሁሉ ውስጥ የፓርቲው ርዕዮተ ዓለም ያሸነፈበትን ቦታ ጸሐፊው ያሳዩኝ። እኔ የማየው ፓርቲው አንድ በአንድ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግና ወታደሩ ወደፊት ሲሄድ ነው።

ለስታሊን መስጠት ያለብኝን ልስጥ። ከሂትለር የሚለየው ይህ ነው። ሂትለር ከዓመት ዓመት ጄኔራሎቹን መስማት እየተወ ሄደ። ስታሊን በተቃራኒው መስማት ተማረ። ፋብሪካዎቹንም አትርሱ። በ1941 በጥቂት ወራት ውስጥ ከ1,500 በላይ ትልልቅ ፋብሪካዎች ተነቅለው በባቡር ወደ ኡራልና ከዚያም ወዲያ ተወስደዋል። አንዳንዶቹ ጣሪያ ሳይሠራላቸው ማምረት ጀምረዋል። ማሽኑ ላይ የቆሙት ሴቶችና ጎረምሶች ናቸው። ያን የመሰለ ነገር ያለ ማዕከላዊ ትእዛዝ አይሆንም ቢሉኝ እስማማለሁ።

«የቆርቆሮ ሥጋ» የተባለው የአሜሪካ እርዳታ ወደ 400,000 የሚጠጉ ካሚዮኖችና ጂፖች፣ ወደ 1,900 የሚሆኑ የባቡር ሞተሮች፣ ከአራት ሚሊዮን ቶን በላይ ምግብ ነው። ካትዩሻ የሚባለው ሮኬት በብዛት የተጫነው ስቱድቤከር በሚባል የአሜሪካ ካሚዮን ላይ ነው። ስታሊን ራሱ በ1943 ቴህራን ላይ ጽዋ ሲያነሳ ያለዚያ መሣሪያ እንሸነፍ ነበር ብሏል። ጸሐፊው ከስታሊን በላይ ስታሊናዊ መሆን የለባቸውም። በሌላ በኩል እርዳታው በብዛት የገባው ከ1943 ወዲህ ነው። በ1941 ክረምት ሞስኮ በር ላይ ጀርመኖች የተገቱት በሶቭየቶቹ በራሳቸው መሣሪያና ደም ነው። «በረዶው ነው ያሸነፈላቸው» የሚሉትም ያርፉ። በረዶው ለሁለቱም ወገን ነው የወረደው። ካፖርት ሳያዘጋጅ የመጣው ሂትለር ነው።

የሞቱትን ቁጥር ጸሐፊው «27 ሚሊዮን ሰማዕታት» ብለው ጽፈዋል። ትክክል ነው። ግን ይህን ቁጥር ማን ደበቀው? ስታሊን በ1946 ሰባት ሚሊዮን አለ። ክሩሽቼቭ በ1961 ሃያ ሚሊዮን አለ። 27 ሚሊዮን የተባለው በ1990 ነው፤ ያሉትም ጸሐፊው ከሃዲ የሚሏቸው ጎርባቾቭ ናቸው። የሌኒንግራድ ሰው 872 ቀን ተከብቦ በረሃብ አልቋል። ሟቾቹ በትክክል ለመቆጠር እንኳ አርባ አምስት ዓመት መጠበቅ ነበረባቸው።

ዡኮቭም ድሉን አልበላውም። በ1946 ስታሊን ወደ ኦዴሳ፣ ኋላም ወደ ኡራል ጣለው። ክሩሽቼቭ ደግሞ በ1953 የስታሊን የደኅንነት ሹም የነበረውን ቤሪያን ለማሰር ተጠቀመበት። በ1957 የፓርቲ ተቀናቃኞቹን ለመጣልም ተጠቀመበት፤ ዡኮቭ የማዕከላዊ ኮሚቴ አባላትን በጦር አውሮፕላን ከየክፍለ ሀገሩ እየጫነ አምጥቶለታል። ከአራት ወር በኋላ ክሩሽቼቭ ዡኮቭን ራሱን አባረረው፤ ያውም ለጉብኝት ውጭ አገር እያለ። ጦርና ፓርቲ «አንድ አካል አንድ አምሳል» ያሉት ይህን ከሆነ ትዳሩ ደስ አይልም። እኛም ግንቦት 8 ቀን 1981 በእኛ አቆጣጠር ጄኔራሎቹ ሲነሱ፣ ዓመት ቆይቶ ደግሞ 12ቱ ሲረሸኑ ይህን ትምህርት በራሳችን ቤት አይተነዋል።

«ሳትጠራ የማንንም ደጃፍ አልረገጠችም» የሚለው በጣም ያስገረመኝ ነው። ጥሪ የሚባለውን ነገር አንድ በአንድ እንየው።

ሀንጋሪ፣ 1956። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ኢምሬ ናጊ ኖቬምበር 1 ቀን አገራቸው ሞስኮ ከምትመራው የጦር ኅብረት ከዋርሶ ቃል ኪዳን መውጣቷን አወጁ። የመከላከያ ሚኒስትሩ ማሌቴር ስለ ጦሩ መውጣት ለመደራደር ኖቬምበር 3 ማታ ሶቭየቶቹ ሰፈር ሄዱ። እዚያው ድርድር ጠረጴዛ ላይ ታሰሩ። ሲነጋ ታንኮቹ ቡዳፔስት ገቡ። ወደ 2,500 ሀንጋሪያዊ ሞተ፣ ወደ 200,000 የሚጠጋ ተሰደደ። ናጊ ዩጎዝላቪያ ኤምባሲ ተጠለሉ። «ምንም አትሆንም፣ ውጣ» ተባሉ። ሲወጡ ተያዙ። በ1958 ተሰቀሉ።

ቼኮዝሎቫኪያ፣ 1968። እዚህስ እውነትም የጥሪ ደብዳቤ ነበረ። ጥቂት የፓርቲ ሰዎች በምስጢር ጽፈውታል። ደብዳቤው ለብሬዥኔቭ ሰዎች የተሰጠው ብራቲስላቫ ስብሰባ ላይ፣ ሽንት ቤት ውስጥ ነው። ቀልድ አይደለም። አንድን አገር የሚያህል ነገር በግማሽ ሚሊዮን ጦር ለመውረር የተሰጠው ፈቃድ ሽንት ቤት ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈ። አገሪቱን በይፋ የሚመራው ዱብቼክ ግን አልጠራም። እሱንማ ይዘው ሞስኮ ወሰዱት። የቃል ኪዳኑ አባል ሩማንያ እንኳ «በዚህ የለሁበትም» ብላ ጦር አላከችም።

አፍጋኒስታን፣ 1979። ጸሐፊው «የካቡል መንግሥት ደጋግሞ ለምኖ ነው» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። የአገሪቱ መሪ ሀፊዙላህ አሚን የሶቭየት ጦር እንዲመጣለት ደጋግሞ ለምኗል። መጣለት። ዲሴምበር 27 ቀን በምሳው ላይ መርዝ ተደረገበት። ነገሩን የማያውቁ የሶቭየት ሐኪሞች ደርሰው ነፍሱን አተረፉለት። ማታ ላይ የሶቭየት ኮማንዶዎች ቤተ መንግሥቱን ሰብረው ገቡና ገደሉት። በተኩሱ መሀል ካከሙት ሐኪሞች አንዱ አብሮ ሞተ። እንግዳ ጠርቶ በእንግዳው የተገደለ ሰው ታሪክ እንደ «ጥሪ» ማስረጃ ሲቀርብ ያየሁት ገና ዛሬ ነው።

ስለ ኢትዮጵያ ያሉትን ሳነብ ግን ቀስ ብዬ ነው። አጎቴም ይህን ክፍል ሳያይ እንደማይቀር አውቃለሁ። በ1977 መጨረሻ ከሶቭየት ኅብረት የተነሱ አውሮፕላኖች ታንክና መድፍ እየጫኑ ሲገቡ አገሪቱ ጭንቅ ላይ ነበረች። የሶቭየቱ ጄኔራል ፔትሮቭ መጡ። ኩባዎች መጡ። በማርች 1978 መጀመሪያ ጅጅጋ ተለቀቀች። የካራማራን ውለታ የሚክድ የለም።

ግን የዚያድ ባሬ ጦር በምን ታንክ መጣብን? በሶቭየት ታንክ ነው። ሚጎቹስ? የሶቭየት ናቸው። በጁላይ 1974 ሞስኮ ከሞቃዲሾ ጋር የወዳጅነት ውል ፈርማ በርበራ ላይ ለባሕር ኃይሏ ወደብ አግኝታ ነበር። መኮንኖቹንም ያሠለጠነችው እሷ ናት። በ1977 ማርች ካስትሮ መንግሥቱንና ዚያድን ኤደን ላይ አገናኝቶ «ተዋሐዱ» እስከ ማለት ደርሷል። ሞስኮ ሁለቱንም መያዝ ነው የፈለገችው። ዚያድ በኖቬምበር 13 ሶቭየቶችን ሲያባርር ነው ነገሩ የለየለት። ትልቁ የአየር ማመላለስ የመጣውም ከዚያ ወዲህ ነው። በዚያ መሀል የኢትዮጵያ ሰማይ በማን ተጠበቀ ብትሉ፣ የሶማሊያን ሚጎች ያረገፉት የኛ አብራሪዎች ናቸው፤ የበረሩትም የአሜሪካን ኤፍ 5 ነው። ጸሐፊው ይህን ቢጽፉ ነገሩ ይበላሽባቸው ነበር። ታጠቅ ጦር ሰፈር ሠልጥኖ የዘመተው ሚሊሻ ደግሞ በጽሑፋቸው ውስጥ አንዴም አልተጠራም።

«ያለ አንዳች ጥቅም» ለሚሉት የቀይ ባሕርን ካርታ ያንሱ። ከበርበራ የተባረረው የሶቭየት ባሕር ኃይል ቆይቶ ዳህላክ ላይ ሰፍሯል። ወደ ኋላም ቢሄዱ ያው ነው። በ1935 የሶቭየት የውጭ ጉዳይ ኮሚሳር ሊትቪኖቭ ጄኔቭ ላይ ኢጣሊያን ሲያወግዝ የሶቭየት ነዳጅ ለሙሶሊኒ መሸጡ አልቆመም። ኢጣሊያ ኢትዮጵያን መጠቅለሏን ሶቭየት ኅብረት እውቅና አለመስጠቷም እውነት ነው። ሁለቱም እውነት ነው። መንግሥት ጥቅሙን ያያል፤ ይሄ ነውር አይደለም። ነውሩ ጥቅምን ፍቅር ብሎ መጥራት ነው።

የመጨረሻው ክስ ጎርባቾቭና ሲአይኤ ናቸው። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ የሚባለው ይኸው ነው። ሲአይኤ ለአፍጋን ተዋጊዎች መሣሪያ አቀብሏል፤ ማንም አይክድም። ግን በፌብሩዋሪ 1989 የመጨረሻው ጦር ከአፍጋኒስታን ሲወጣ ካቡል አልወደቀችም። ሞስኮ የምትደግፈው የካቡሉ መሪ ናጂቡላህ ከሶቭየት ኅብረት ራሷ በላይ ቆይቷል፤ የወደቀው በአፕሪል 1992 ነው። አገር ያፈረሰው አፍጋኒስታን ቢሆን ኖሮ ቅደም ተከተሉ እንዲህ አይሆንም ነበር።

አሜሪካስ እንድትፈርስ ፈልጋለች ወይ? በኦገስት 1 ቀን 1991 ትልቁ ቡሽ ኪየቭ ሄዶ ዩክሬናውያንን «ራስን ከሚያጠፋ ብሔርተኝነት» ተጠንቀቁ ብሎ መክሯል። የገዛ አገሩ ጋዜጠኞች ሳቁበት። አጎቴ ያን ጊዜ ትምህርቱን ጨርሶ ተመልሷል፤ አብረውት የተማሩ ዩክሬናውያን ግን የቡሽን ምክር የሰሙ አይመስልም። ዲሴምበር 1 ቀን በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ ከ90 በመቶ በላይ ነጻነትን መረጠ። ያኔ ነው ያለቀው። በሳምንቱ የሩሲያ፣ የዩክሬንና የቤላሩስ መሪዎች የልሲን፣ ክራቭቹክና ሹሽኬቪች ቤላሩስ ጫካ ውስጥ ተሰብስበው መዝገቡን ዘጉ።

በዚያው ዓመት በማርች በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ ግን 76 በመቶ ያህሉ ኅብረቱ ይቆይ ብሎ ነበር። ጸሐፊው ይህን ጠቅሰዋል፤ ልክ ናቸው። ስድስት ሪፐብሊኮች በዚያ ድምፅ አለመሳተፋቸውን ግን አልጠቀሱም። ደግሞ ከማርች እስከ ዲሴምበር መሀል ኦገስት አለ። ኦገስት 19 የመከላከያ ሚኒስትሩ፣ የኬጂቢው ኃላፊና ምክትል ፕሬዚዳንቱ ጎርባቾቭን ክሪሚያ ላይ አግተው ታንክ ሞስኮ አስገቡ። ኅብረቱን ለማዳን ነው አሉ። ሦስት ቀን አልቆዩም። የልሲን ታንክ ላይ ወጥቶ ተናገረ። ፓርላማውን ስበሩ የተባለው የኬጂቢ ልዩ ጦር እምቢ አለ። ሦስት ወጣቶች ሞቱ፤ ታንኮቹ ተመለሱ። ሪፐብሊኮቹ ከዚህ በኋላ በማን ተማምነው ይቆዩ? ኅብረቱን ያፈረሱት አድናለሁ ያሉት ናቸው።

የመገንጠል መብትም ሲአይኤ የጻፈው አይደለም። በ1977ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 72 ላይ አለ፤ ከዚያ በፊት በስታሊን ሕገ መንግሥትም ውስጥ ነበር። (አንቀጽ 39 ትዝ ያለው ሰው ብቻውን አይደለም።) ወረቀት ላይ ሲቀመጥ ማንም ይጠቀምበታል ብሎ አልጠበቀም። የያዘው ፓርቲው ነበር። ፓርቲው በ1990 ከሕገ መንግሥቱ የመሪነት ቦታውን ሲያጣ ወረቀቱ ብቻ ቀረ። በዚያ ላይ የነዳጅ ዋጋ በ1986 ወርዷል፤ ሰፊ ለም መሬት ያላት አገር እህል ከአሜሪካ ትገዛ ነበር፤ ቼርኖቤል ፈንድቷል። ጎርባቾቭ ስህተት አልሠሩም አልልም። ብዙ ሠርተዋል። ዋጋ ሳይለቁ ገበያ ፈለጉ፤ ባልቲክ ላይ ጦር ልከው ተመልሰው ካዱ። ግን ከ25,000 በላይ የኑክሌር አረር ያለው ጦር አንድም ሳይተኩስ አገሩ ሲበተን ቆሞ ያየው አንድ ሰው ስለሸጠው አይደለም።

አንዲት ትንሽ ነገር ቀርታኛለች። ጸሐፊው ከጽሑፋቸው አናት ላይ ያደረጓት ፎቶ፣ በርሊን ባለው የጀርመን ፓርላማ ሕንፃ በራይኽስታግ ጣሪያ ላይ ቀይ ባንዲራ የሚሰቅለው ወታደር ናት። ከሥሯ «የድሉ ቅጽበት፣ አፕሪል 30» ይላል። አይደለም። አፕሪል 30 ማታ የተሰቀለውን ባንዲራ ማንም ፎቶ አላነሳውም። ይህችን ያነሳት ዬቭጌኒ ኻልዴይ ነው፤ በሜይ 2፣ ውጊያው ካለቀ በኋላ፣ ወታደሮቹን አሰልፎ። ባንዲራው ሞስኮ ውስጥ ከጠረጴዛ ልብስ የተሰፋ ነው። ፎቶው ሲታጠብ ባንዲራ ሰቃዩን ደግፎ የያዘው ወታደር በሁለቱም እጁ ሰዓት አስሯል። ሁለት ሰዓት ማለት አንዱ የተዘረፈ ነው። ስለዚህ ኻልዴይ መርፌ አንስቶ ከቀኝ እጁ ላይ ያለውን ፋቀው። ጸሐፊው የተጠቀሙት የተፋቀውን ነው። ኻልዴይ ራሱ በ1948 በአይሁዶች ላይ በተነሳው ዘመቻ ከዜና ወኪሉ ሥራው ተባሯል።